አንድ ስልክ፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይ፦ ኤሌክትሪክንና ማግኔትን ለልጆች በተግባር ማሳያ

በሰሜን ሸዋ በአጎራባች ትምህርት ቤቶች የጉድኝት ስብሰባ ላይ በተገናኘን ቁጥር ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና የሚመጡ መምህራን ያው ጥያቄ ይዘው ይጠብቁኛል። «ላቦራቶሪ የለንም። ፕሮጀክተሩም አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይተኛል። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። በዚህ ኤሌክትሪክና ማግኔት ማስተማር ይቻላል?» በቃል መመለስ ሲደጋገምብኝ ጽፌ አስቀመጥኩት።

ይቻላል። ስልኩ ግን መጀመሪያ ከኪስ አይወጣም። ልጁ በእጁ ይነካል፣ ከዚያ የሚሆነውን ይገምታል፣ ስክሪኑ መጨረሻ ላይ ዓይን የማያየውን ሊያሳይ ይመጣል። እኔም ገልብጬ ሞክሬዋለሁ። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ደርድሬ ጀመርኩና በ10ኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። የቀረውን 30 ደቂቃ ጠመኔ ይዤ ቆምኩ።

መመሪያው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ይሆናል። አራት ክፍለ ጊዜ ያህል ይፈጃል። አንድ ላይ ለመጨረስ አትሞክሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአንድ ቡድን (ከ6 እስከ 8 ልጅ)፦

- 2 ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ፣ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት
- የድሮው ዓይነት የእጅ ባትሪ አምፖል። ኤልኢዲ ለመጀመሪያው ሥራ አይሆንም፤ በአንድ ድንጋይ አይበራም፣ አቅጣጫም ይመርጣል። ልጁ በትክክል አገናኝቶ ሳይበራለት ሲቀር «ተሳሳትኩ» ይላል።
- 20 ሳ.ሜ የሚሆን የተላጠ ጫፍ ያለው ሽቦ፣ 2 ቁራጭ
- 10 ሳ.ሜ የሚሆን ሚስማር
- ቫርኒሽ የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ 2 ሜትር። ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ቤት ቁርጥራጩ አይጠፋም።
- አግራፍ 20 ያህል፣ ናስትሮ፣ ትንሽ የብርጭቆ ወረቀት

ለመምህሩ፦

- የማግኔት መለኪያ ሴንሰር ያለው ስልክ
- ቢገኝ ላፕቶፕ
- ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት። የሚኒ ሚዲያ ክበቡን ጠይቁ፤ የተቃጠለ ስፒከር የሌለው ክበብ አላየሁም።
- ፌስታል፣ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ
- ከተሰበረ የአሻንጉሊት መኪና የወጣ ትንሽ ሞተርና አንድ ቀይ ኤልኢዲ

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ነው። ይገድላል። በእጃችን ያለው ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ብንነካው አይሰማንም። ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ። እዚህ በሽቦ የተጫወተ ልጅ ቤት ሄዶ ሶኬት ላይ ሊደግመው ይችላል። እኔ ሦስት ጊዜ አስደግማቸዋለሁ፦ «ከድንጋይ ውጭ ምንም!»

የስልክ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ ለሙከራ አታውጡ። ጫፍና ጫፉ በሽቦ ከተገናኘ ሊቀጣጠል ይችላል።

ከኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የሚወጡትን ትንንሽ፣ በጣም ኃይለኛ ማግኔቶች ለልጅ እጅ አትስጡ። ሁለት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው ሊበሱት ይችላሉ። የዋጠ ካለ ነገ እናየዋለን አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ደረጃ 1፦ ስልኩን ቤት ሆናችሁ ፈትኑ

ፋይፎክስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑ። በጀርመን የአኸን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነው። ስትፈልጉ በእንግሊዝኛ ፊደል ፒ-ኤች-ዋይ-ፒ-ኤች-ኦ-ኤክስ ብላችሁ ጻፉ። ኔትወርክ ያለበት ቦታ አንዴ ከጫናችሁት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ክፈቱና ማግኔቶሜትር የሚለውን ምረጡ። ቁጥር ካላመጣ ስልካችሁ ሴንሰሩ የለውም ማለት ነው። ርካሽ ስልኮች ላይ ይህ ያጋጥማል። የባልደረባችሁን ሞክሩ።

ቀጥሎ ሴንሰሩ የስልኩ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ ፈልጉ። አንድ አግራፍ ማግኔት ላይ አሽታችሁ በስልኩ ጀርባ ላይ ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱት። ቁጥሩ በጣም የሚዘልበት ነጥብ ሴንሰሩ ያለበት ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ናስትሮ ለጥፉ። ይህን ካላደረጋችሁ ርቀት ስትለኩ ከየት እንደምትጀምሩ አታውቁም።

የስልኩን ሽፋን አውልቁ። አንዳንዱ መዝጊያው ውስጥ ማግኔት አለው።

ደረጃ 2፦ ቃላቱን ለዩ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። በእኛ አነጋገር «መብራት» ማለት ብርሃኑም ነው፣ አምፖሉም ነው፣ ኤሌክትሪኩም ነው። «መብራት ሄደ» ስንል ሦስቱንም ነው። «ባትሪ» ስንል የእጅ መብራቱ፣ «ድንጋይ» ስንል ውስጡ የሚገባው ነው። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ድንጋዩ ውስጥ ኤሌክትሪኩ እንዴት ገባ? ከየት ተፈልጦ ነው?» ብሎኛል። ልጁ አልተሳሳተም። ያደናገረው ስሙ ነው።

ስለዚህ ሰሌዳው ላይ አራት ቃል ጻፉ፦ ድንጋይ (ኮረንቲውን የሚገፋው)፣ ኮረንቲ (በሽቦው የሚሄደው)፣ አምፖል (ዕቃው)፣ ብርሃን (የሚወጣው)። ከዚህ በኋላ «መብራት» የሚለውን ቃል ለአራት ክፍለ ጊዜ ከክፍሉ አግዱት። ልጆቹ እርስ በርስ መቀጣጣት ይጀምራሉ፤ ይወዱታል።

ደረጃ 3፦ አምፖሉን አብሩ፣ ያለ ስክሪን

ለየቡድኑ አንድ ድንጋይ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሽቦ ብቻ ስጡ። መጀመሪያ እንዴት እንደሚያገናኙት ደብተራቸው ላይ ይሳሉ። ከዚያ ይሞክሩ። እናንተ አታሳዩ። 10 ደቂቃ እጃችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ቁሙ።

አብዛኛው ልጅ ሽቦውን ከድንጋዩ አንድ ጫፍ ወደ አምፖሉ ይወስደዋል፣ ልክ ውኃ በቧንቧ እንደሚሄድ። አይበራም። ኮረንቲው መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል። ደግሞ አምፖሉ ራሱ ሁለት መንኪያ አለው፦ የታችኛው ጫፍና የጎኑ ብረት። ልጁ ሁለቱንም ሲያገኛቸው ይበራል። ጩኸቱን ለጎረቤት ክፍል አስቀድማችሁ ንገሩ።

ደብዛዛ ቢሆን አትደንግጡ፤ አንድ ድንጋይ ስለሆነ ነው። ሁለተኛውን ሲጨምሩ ይደምቃል።

የበራላቸው ቡድኖች ሁለተኛውን ሽቦ ይጨምሩና መንገዱ መሐል ላይ ሳንቲም፣ ላጲስ፣ ቁልፍ፣ እንጨት፣ በሁለት በኩል የተቀረጸ እርሳስ እያስገቡ ይሞክሩ። በየቱ እንደሚበራ አስቀድመው ይገምቱ። የእርሳሱ ነገር ያከራክራቸዋል። መሐሉ ግራፋይት ስለሆነ ኮረንቲ ያሳልፋል፣ ብርሃኑ ግን ይደክማል።

ደረጃ 4፦ አሁን ስክሪኑን አምጡ

በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉ ነፃ የሳይንስ ማሳያዎች አሉ (ፒ-ኤች-ኢ-ቲ ብላችሁ ፈልጉ)። የሰርኪዩት (የኮረንቲ ዙር መንገድ) መሥሪያውን ከተማ ስትወርዱ ላፕቶፓችሁ ላይ አውርዱት። ፋይሉ በብሮውዘር ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ባትሪውን ከማታው ጀምሮ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ።

ፕሮጀክተር ከሌለ ልጆቹን ለ15 ደቂቃ በየተራ ላፕቶፑ ዙሪያ ሰብስቡ፤ ሌሎቹ ደረጃ 3ን ይቀጥላሉ።

በእጃቸው የሠሩትን ያንኑ ሰርኪዩት ስክሪኑ ላይ ሥሩ። ሌላ ነገር አትጨምሩ። በሽቦው ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ነጥቦች ያያሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። አሁን ሁለት አምፖል በተከታታይ አድርጉና ሳታበሩ ጠይቁ፦ «የትኛው ይደምቃል?» እኔ ክፍል አብዛኛው እጅ «የመጀመሪያው» ይላል። ኮረንቲው በመጀመሪያው አምፖል ተበልቶ ለሁለተኛው ትርፍራፊ የሚደርስ ይመስላቸዋል። አብሩት። ሁለቱም እኩል ናቸው። ነጥቦቹም ከአምፖሉ በፊትና በኋላ በእኩል ፍጥነት ይሄዳሉ። ኮረንቲ አይበላም፤ አምፖሉ የሚወስደው ጉልበት ነው። ይህን በአምፖልና በሽቦ ብቻ ማሳየት ከባድ ነው። ስክሪኑ እዚህ ላይ ዋጋውን ያወጣል።

አንድ መጠንቀቂያ። ማሳያው ኤሌክትሮንን ወይም በመጽሐፉ ልማድ የሚሳለውን ቀስት እንድትመርጡ ያደርጋል። ቀስቱ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ በተቃራኒው ነው የሚሄዱት። አንዱን ምረጡና እሱን ብቻ ያዙ። ሁለቱን በአንድ ቀን ያሳየ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስረዳ ይከርማል።

መጨረሻ ላይ የድንጋዩን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ አገናኙ። ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል። ይህን አደጋ በስክሪን ብቻ አሳዩ፤ በእውነተኛ ድንጋይ ሽቦው እጅ እስኪያቃጥል ይግላል።

ደረጃ 5፦ ጥቁሩን አሸዋ ልቀሙ

የብረት ብናኝ መግዛት አያስፈልግም። የሰሜን ሸዋ ደጋ የቆመው ባዛልት በሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጂኦሎጂስቶች አንዱን የባዛልት ንጣፍ በጣርማበር ስም ነው የሚጠሩት። ያ ድንጋይ ሲፈራርስ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ማዕድን አሸዋው ውስጥ ይቀራል።

የስፒከሩን ማግኔት በፌስታል ጠቅልሉት። ፌስታሉ ግዴታ ነው። ያለ እሱ ብናኙ ማግኔቱ ላይ ተጣብቆ አይለቅም፤ በፌስታል ከሆነ ግን ማግኔቱን ስታወጡት ብናኙ ራሱ ይራገፋል። ከዝናብ በኋላ በመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ በደረቀው አሸዋ ላይ ልጆቹ ይጎትቱት። በግማሽ ሰዓት አንድ የሻይ ብርጭቆ ይሞላሉ።

ክፍል ስትገቡ ማግኔቱን ከነጭ ወረቀት ሥር አድርጉና አሸዋውን ከላይ በስሱ ነስንሱ። ወረቀቱን በጣት መታ መታ አድርጉ። የማግኔቱ ጉልበት የሚሄድባቸው መስመሮች ይወጣሉ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ስለማያይ ፎቶ አንሱና ስልኩን አዙሩላቸው።

ደረጃ 6፦ የምድርን ማግኔት ለኩ

ሜዳ ውጡ። ከቆርቆሮ፣ ከመኪና፣ ከብረት አጥር ራቁ። ፋይፎክስን ክፈቱ። ሦስት መስመር አለ፦ ኤክስ ወደ ስልኩ ጎን፣ ዋይ ወደ ስልኩ ራስ፣ ዜድ ወደ ላይ። ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ ጥቂት ጊዜ አዙሩት፤ ሴንሰሩ የሚስተካከለው እንደዚያ ነው።

አሁን በአግድም ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ራሱ ወደ ሰሜን ሲዞር ዋይ ወደ 36 ማይክሮቴስላ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ) ይጠጋል። ወደ ደቡብ ሲዞር ያው ቁጥር ከዜሮ በታች ይሆናል። ዜድ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ዜሮ ቀረብ ይላል። ይህ የሆነው እኛ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ነው። የማግኔቱ መስመር እዚህ መሬቱን ታክኮ ይሄዳል ማለት ነው። አውሮፓ ቢሆን በጣም አዘቅዝቆ ወደ መሬት ይገባ ነበር።

ቁጥሩ ብዙ ከራቀ ከእግራችሁ ሥር ያለውን ድንጋይ ጠርጥሩ። ባዛልት ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው። ጥቂት ሜትር ፈቀቅ በሉ።

ደረጃ 7፦ ሚስማሩን ማግኔት አድርጉ፣ ከዚያ በቁጥር ለኩ

ለእኔ የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ሁለቱ ርዕሶች እዚህ ይገናኛሉ።

የመዳቡን ሽቦ ሁለት ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ። ቫርኒሹ ካልተፋቀ ኮረንቲ አይገባም። «አልሠራ አለኝ» ብለው ከሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ይህን የረሱ ናቸው። ሽቦውን ሚስማሩ ላይ በአንድ አቅጣጫ 25 ዙር ጠምጥሙ። ትርፉን አትቁረጡት። መሐል ላይ አቅጣጫ የቀየረ ቡድን ዙሮቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ።

ጫፎቹን አንድ ድንጋይ ላይ ያዙና አግራፍ ያንሱ። 5 ሰከንድ ያህል ብቻ። ከዚያ ይለቀቅ። ሽቦው ይግላል፣ ድንጋዩም ቶሎ ይሞታል። ስንት አግራፍ እንዳነሳ ይጻፉ።

አሁን ስልኩን ከእንጨት ጠረጴዛ ላይ በናስትሮ ለጥፉት። የብረት እግር ያለው ዴስክ ቁጥሩን ስለሚረብሽ እንጨት ካጣችሁ ወለሉ ይሻላል። የሚስማሩን ጫፍ ከሴንሰሩ 8 ሳ.ሜ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ እሱንም ለጥፉት። ኮረንቲ ሳይኖር ያለውን ቁጥር ጻፉ። አገናኙ፣ አንብቡ፣ አላቅቁ። ከሦስቱ መስመሮች በጣም የተንቀሳቀሰውን ምረጡና ልዩነቱን ብቻ ውሰዱ። ይህን ለ50 ዙርና ለ100 ዙር ድገሙት።

ትርፉን ሽቦ አትቁረጡ ያልኩት ለዚህ ነው። የሽቦው ርዝመት ካልተለወጠ ኮረንቲውም ያው ነው፤ የተለወጠው የዙሩ ብዛት ብቻ ይሆናል። ለ25 ዙር አጭር ሽቦ፣ ለ100 ዙር ረጅም ሽቦ ከተጠቀማችሁ ሁለት ነገር በአንዴ ቀየራችሁ፤ ልጁ ምን ምንን እንዳመጣ ሊለይ አይችልም። የተረፈው ሽቦ ግን ተጠቅልሎ እንዳይቀመጥ፤ ዘርጉት።

ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ በግራፍ ይሳሉ። ዙሩ ሲበዛ ቁጥሩ ያድጋል። አግራፍ መቁጠር «ብዙ» እና «ትንሽ» ነው የሚለው፤ ስልኩ ስንት እንደሆነ ይናገራል።

ድንጋዩን ገልብጣችሁ ድገሙት። ቁጥሩ በተቃራኒው ይሄዳል። ሰሜንና ደቡቡ ተቀያየረ ማለት ነው።

ላፕቶፕ ካለ ፋይፎክስ ላይ ከርቀት ማየት የሚያስችለውን አማራጭ ክፈቱ። ስልኩ ሆትስፖት ይሰጣል፣ ላፕቶፑ ይገናኛል፣ ግራፉ በብሮውዘሩ ይታያል። ግራፉን ማየቱ ራሱ ዳታ አይበላም።

ጊዜ ከተረፈ የስፒከሩን ማግኔት በ20 እና በ40 ሳ.ሜ ለኩ። ልጆቹ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ ግማሽ ይሆናል ብለው ይጠብቃሉ። ወደ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል።

ደረጃ 8፦ ገልብጡት

በደረጃ 7 ኮረንቲ ማግኔት ሠራ። አሁን ማግኔት ኮረንቲ ይሥራ። የአሻንጉሊቱን ሞተር ሁለት ሽቦ ከቀይ ኤልኢዲ ጋር አገናኙ። ዘንጉ ላይ ክር ጠቅልሉና በኃይል ሳቡት። ኤልኢዲው ብልጭ ይላል። ካላለ እግሮቹን ገልብጡ፤ አሁንም ካላለ በፍጥነት ሳቡ። ውስጡ በዋናነት ያለው ማግኔትና ጥምጥም ሽቦ ነው። በጊቤም በሕዳሴ ግድብም ክሩን የሚስበው ውኃው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*ማግኔቱን ስልኩ ላይ ማስቀመጥ።* አድርጌዋለሁ። ኮምፓሱ ለቀናት ሰሜንን ምሥራቅ እያለ ከረመ፤ ስምንት ቁጥር ደጋግሜ ከሠራሁ በኋላ ተስተካከለ። የስፒከር ማግኔት ከስልክ ከ20 ሳ.ሜ በታች አይቅረብ። የኤቲኤም ካርዳችሁንም አርቁ።

*ሚስማሩ ኮረንቲ ከተቋረጠ በኋላም አግራፍ ይዞ መቅረቱ።* አልተበላሸም። ብረቱ ትንሽ ማግኔትነት አስቀርቷል። ለዚህ ነው የመነሻውን ቁጥር በየሙከራው እንደገና የምንጽፈው። ሁለት ሦስቴ መሬት ላይ ጣሉት፣ ይቀንሳል።

*ያረጀና አዲስ ድንጋይ ማደባለቅ።* የአንዱ ቡድን አምፖል ይደምቃል፣ የሌላው ይደበዝዛል፤ ልጆቹ ምክንያቱን ከሽቦው ይፈልጋሉ።

*የፊኛ ሙከራን በክረምት መሞከር።* ይህ ከስምንቱ ደረጃዎች ውጭ ነው፤ በማሸት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ማሳያ ነው። ፊኛን በመንዝ ባና አሽቶ ወረቀት ማስነሳት የሚሠራው አየሩ ሲደርቅ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲመታ፣ ሹራብ ስታወልቁ የሚንጣጣበት ጊዜ ምርጡ ነው። በእርጥብ አየር ሙሌቱ (በማሸት የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ) ስለማይቆይ በሐምሌ አትልፉ።

*አንድ ጎበዝ ልጅ ሁሉን መሥራቱ።* በየሙከራው ሽቦ የሚይዘውን፣ የሚጽፈውንና ስልኩን የሚያነበውን ቀያይሩ።

ሲጨርሱ ድንጋዮቹን ከሽቦ ለይታችሁ በካርቶን አስቀምጡ። አንድ ላይ ከተጣሉ ሌሊቱን በአግራፍ ተገናኝተው ያልቃሉ፤ ጠዋት የሚቀጥለው ክፍል ባዶ እጁን ይቀመጣል።